ጫጫታ የሚውጠው መብራት

ጓድ ወልደአረጋይ ስልክ ሲያነጋግር ግማሹ ደብረ ብርሃን ይሰማው ነበር። ሰውየው ቁጡ ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ከዚያ ዘመን ሹማምንት መካከል እንደሱ አንገቱን የደፋ፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ሳይቀር ቆሞ «እንደምን አደሩ» የሚል አልነበረም። ጥፋቱ የአዳራሹ ነው። የቱ መሥሪያ ቤት እንደሆነ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ በዚያን ጊዜ ሁሉም ያው ነበሩ። ብቻ ቤቱ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው ድንጋይ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ። ታይፒስቶቹ የጽሕፈት መኪኖቻቸውን ባንድ ላይ ሲያስነሱ የሚወጣው ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ፣ ከቆርቆሮው እየነጠረ፣ ተመልሶ የሰው አናት ላይ ይወርዳል። የኃላፊው ክፍል ደግሞ ከዚያው አዳራሽ ጥግ በኮምፖንሳቶ የተከለለ ነው፤ ኮምፖንሳቶው ጣሪያው ጋ አይደርስም። ስለዚህ ስልኩ ባቃጨለ ቁጥር ጓድ ወልደአረጋይ ባንድ ጣቱ ጆሮውን ይደፍንና ይጮሃል።

«ሃሎ! ሃሎ! አዎ፣ ጎረቤላ! ጎ-ረ-ቤ-ላ ነው ያልኩት! የፊታችን ገበያ! ሁለት ካሚዮን ይበቃል!»

ይኼኔ በአዳራሹ ውስጥ አንድም ሰው ቀና አይልም። የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ፣ አቶ ኪዳነ ማርያም፣ ድንገት ሳል ይይዘውና ወደ ውጭ ይወጣል። ሌላዋ ውሃ ይጠማታል። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ ወንድም ወይ ልጅ ወይ የእህት ልጅ የሌለው ሰው የት ይገኛል? ሁለት ካሚዮን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አፈሳ ነው። ወታደሮቹ ገበያውን ዙሪያውን ይከቡና አፍላውን ጎረምሳ ሁሉ እንደ እህል ዝቀው ይጭናሉ።

አልታየች የምትባለው ታይፒስት ግን አትስልም፤ ውሃም አይጠማትም። እስከ ምሳ ሰዓት ትጠብቅና ወደ ገበያው ዳር ወደ ዓወል ትሄዳለች። ዓወል የአልዩ አምባ ሰው ነው፤ በርበሬ ይዞ ይወጣል፣ ስኳርና ጨው ይዞ ይወርዳል። በመንገዱም የአልታየች እናት የምትኖርበትን አንኮበርን ያልፋል።

«ይውረድ ነው?» ይላታል በርበሬውን እየሰፈረ።

«ይውረድ» ትላለች።

በቃ፣ ወሬው ይኸው ነው። የሚወርደው የአልታየች ታናሽ ወንድም ዘርአ ዳዊት ነው። አባታቸው መሪጌታ ነበሩ፤ አርፈዋል። ታላቅ ወንድማቸው ወደ ሰሜን ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ከርሟል፤ ሞተ የሚል አልመጣ፣ አለ የሚል አልመጣ። ለእናታቸው ለለተጊዮርጊስ የቀራት ወንድ ልጅ ይኸው ዲያቆን ዘርአ ዳዊት ብቻ ነው። አልታየች ከሌላው ነገር ሁሉ ተስፋ ቆርጣ ነበር፤ ይህን አንዱን ግን እጠብቃለሁ ብላ ጥርሷን ነክሳለች። ዓወል ሲደርስ ልጁ፣ ከሱም ጋር የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ፣ ገደሉን ተንሸራትተው ቆላ ይወርዳሉ። የዓወል ዘመዶች ያሳድሯቸዋል። ወታደሮቹ የአንኮበር ሰው የሚገበይበት ጎረቤላ ገበያ ሲደርሱ ሽማግሌ፣ ሴትና አህያ ይጠብቃቸዋል። አንዱ የመቶ አለቃ «እዚህ አገር ወንድ አይወለድም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ አሉ።

ምሥጢሩን የሚያወጣው ማን ነው ተብሎ ስንት ስብሰባ ተሰበሰበ መሰላችሁ። ተላላኪው ተጠረጠረ። የስልክ ቤቱ ልጅ ከቦታው ተነሣ። ጓድ ወልደአረጋይ ራሱ ተነሥቶ «ጓዶች፣ ግድግዳም ጆሮ አለውና አንደበታችንን እንሰብስብ» ብሎ መከረ፤ ያንንም ጮሆ ነው የተናገረው። ማንም ቢሆን ወደሱ ጣቱን አልቀሰረም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ!

እንዲህ ሲኖሩ ነው ጓድ ወልደአረጋይ ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ የተመለሰው። ሌላው ሰው ሬዲዮና ኮት ይዞ ሲመጣ እሱ የመብራት ነገር ይዞ መጣ።

«እዚያ አገር» አለ በስብሰባ ላይ፣ ዓይኑ እያበራ፣ «የቢሮ መብራት ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ማብራት ነው። ሁለተኛው ጫጫታ መዋጥ።»

«ጓድ፣ እንግዲያው አንዱን ስብሰባው ላይ ብናንጠለጥለው» አለ አቶ ኪዳነ ማርያም፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጓድ ወልደአረጋይም ሳቀ።

ከዚያ አስረዳቸው። አምፖሉ ትልቅ ቆብ አለው። ቆቡ ቆርቆሮ ወይም መስተዋት አይደለም፤ ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ነገር ነው። ከየጠረጴዛው በላይ ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል። የመኪናው ኳኳታ፣ የሰው ድምፅ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ጠጉሩ ውስጥ ይገባል፤ ገብቶም አይመለስም። «እኛ ደግሞ በበግ ማን ይቀድመናል! የሚሠራልን ሰው ብቻ ነው ያጣነው» አለ።

አልታየች ልቧ ሳያስበው እጇ ወጣ። «የእናቴ ባና አለ» አለች።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ግን ልንፈርድባት አይገባም። አንደኛ፣ ጫጫታው ገድሏታል። ማታ ትራስ ላይ ስትጋደም የጽሕፈት መኪናው ጆሮዋ ውስጥ መምታቱን አያቆምም፤ ራስ ምታቱ ዓይኗን ሊያወጣው ይደርሳል። ሁለተኛው ደግሞ ዋናው ነው። ይህን ደግ ሰው አንድ ነገር ላስደስተው፤ ካስደሰትኩት በኋላ ስለ ወንድሜ ልለምነው፤ ስንት ጊዜ በዓወል አፍ ይኖራል ብላ ነው። ይህንን ሁሉ እጇን ካወጣች በኋላ ነው ያሰበችው።

ባናው፣ ያ ወፍራም የጠጉር ብርድ ልብስ፣ የዘርአ ዳዊት ነበር። እናቱ ለሠርጉ ብላ ጥቁሩንና ነጩን ጠጉር ለብቻ ለብቻ ፈትላ፣ አሸምና፣ በፍል ውሃ አስረግጣ ያስቀመጠችው። ተረግጦ ተረግጦ ከመጥበቁ የተነሣ ዝናብ እንኳ አያሳልፍም። ዳርና ዳሩ ላይ ጥቁር መስመር አለው፤ መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ክሩ አልቆባት በቡናማ ተቀጥሏል። አልታየች አንኮበር ሄዳ ነገሩን ስትነግራት ለተጊዮርጊስ ብዙ አልጠየቀችም።

«ሰውየው ልጄን ይተውልኛል?»

«ደግ ሰው ነው እማዬ። እለምነዋለሁ።»

«እንግዲያው ውሰጂው። ባና ሌላ ይፈተላል። ልጅ አይፈተል» አለችና ከሳጥኑ አውጥታ ሰጠቻት።

የመጀመሪያው ቆብ ከዚያ ባና ተሠራ። ኤሌትሪክ ሠሪው ሽቦ አጥፎ ትልቅ የደወል ቅርጽ አወጣ፤ ባናውን በሁለት ደርብ አለበሱት፤ በመሃሉ ያልተፈተለ ጠጉር ጎሰጎሱበት፤ አምፖሉን እንዳያቃጥለው ራቅ አድርገው ከውስጥ ሰቀሉት። የተንጠለጠለውም ከአልታየች ጠረጴዛ በላይ ነው። ጓድ ወልደአረጋይ ከሥሩ ቆሞ አጨበጨበና ጭብጨባው ሲሞት ሰምቶ እንደ ልጅ ፈነጠዘ። ለሌሎቹ ጠረጴዛዎች ባናው ከገበያ ተገዛ። አዳራሹ ባንዴ መነኮሳት የተሰበሰቡበት መሰለ፤ ሠራተኞቹም «ቆብ ደፋን» እያሉ ይቀልዱ ጀመር።

እውነቱን ለመናገር ቆቦቹ ሠሩ። የጽሕፈት መኪናው ድምፅ ከጠረጴዛው ብዙም አይርቅም። ሰው ለሰው በዝግታ ይነጋገራል። የአልታየች ራስ ምታት ተዋት። በመጀመሪያው ሳምንት ከሥራ ወጥታ ስትሄድ ወፎች ሰምታ ቆመች፤ ወፎቹ ከዚያ በፊትም ነበሩ።

በዚያው ሞቅታ ጓድ ወልደአረጋይ ክፍል ገባችና ለመነችው። መነጽሩን አወለቀ። ሲጠርገው ቆየ።

«እኅት አልታየች፣ የእኔም ወንድም ሄዷል። ትእዛዙ ከላይ ነው። ግን ይታሰብበታል።»

«ይታሰብበታል» የሚለውን ቃል በቀን ስንቴ ትጽፈዋለች! ምን ማለት እንደሆነ ከሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ለእናቷ ግን ቃሉን እንዳለ ላከችላት፤ ለተጊዮርጊስም ስለት እንደሰመረላት ቆጥራ ለቤተ ክርስቲያኗ ጧፍ ሰጠች።

አንድ ቀን ስልኩ አቃጨለ። ጓድ ወልደአረጋይ አነሣው። አልታየች እንደ ልማዷ ጣቶቿን ሳታቆም ጆሮዋን አቀናች። ምንም የለም። ቀና ብላ አየች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሰውየው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል፤ ጆሮውን በጣቱ አልደፈነም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። በሌላ ጫፍ ያለውን ሰው አጥርቶ ስለሚሰማ መጮህ አላስፈለገውም። እንደ ጨዋ ሰው፣ ቀስ ብሎ፣ ፈገግ እያለ ያወራል።

አልታየች መኪናዋን መምታት አቆመች። አቶ ኪዳነ ማርያም መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሽማግሌው አልሳለም።

ከዚያ ወዲያ ያላደረገችው የለም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር የሚፈረም ወረቀት ይዛ ትገባለች። ጓድ ወልደአረጋይ የስልኩን አፍ በመዳፉ ሸፍኖ፣ ፈርሞ፣ አመስግኖ፣ እስክትወጣ ይጠብቃታል። መኪናዋን እንደ ሙቀጫ ትወቅጠዋለች፤ አንድ ቀንማ ሌሎቹም ተከተሏት። ማንም ለማንም ሳይናገር ታይፒስቶቹ ሁሉ ባንድ ላይ ወቀጡ፤ አቶ ኪዳነ ማርያም የብረቱን ሣጥን በር ደጋግሞ አጋጨው። ያ ሁሉ ኳኳታ ወደ ላይ ወጣ፤ ባናው ውስጥ ገባ፤ ቀረ። ጓድ ወልደአረጋይ በሩን ከፍቶ ብቅ አለና፣

«ምነው ዛሬ ተቸኮለ? ቀስ እያላችሁ ሥሩ እንጂ፣ ጣታችሁን እንዳያማችሁ» አላቸው ከልቡ።

ቆቡን ታውርደው? ማን ነኝ ብላ? ለምን ቢሏት ምን ትመልሳለች? «እርስዎ ሲጮኹ ስለምሰማ» ትበል? እንዲህ ያለ መልስ ሰውን የት እንደሚያደርስ ታውቃለች። የገዛ እጇ የሰቀለችውን ነገር ከታች ሆና ቀና ብላ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻለችም።

ሲጨንቃት ገበያ በደረሰ ቁጥር «ይውረድ» እያለች ትልክ ጀመር። ዘርአ ዳዊት ወረደ፤ ካሚዮን አልመጣም። ወጣ። «ይውረድ፣ ያሁኑ እርግጥ ነው» ብላ ላከች፤ ወረደ፤ አልመጣም። ይህ እየተደጋገመ ሳለ ኅዳር ገባ፤ ገብስ ደረሰ።

ዓወል በርበሬውን መስፈሩን ትቶ ነው ያናገራት። «እታለም አልታየች፣ ወላሂ ልጁ አሻፈረኝ ብሏል። ‹እህቴ ጥላዋን መፍራት ጀመረች። ገብሱ እየረገፈ፣ እናቴ ብቻዋን ስታጭድ እኔ ቆላ ተኝቼ አልበላም› አለኝ። ሌሎቹም ልጆች እሱን አይተው ወጥተዋል።»

«ዓወል፣ በአላህ ይዤሃለሁ!»

«እሺ። እርግጡን ንገሪኝና ጠፍሬም ቢሆን አወርደዋለሁ። የእኔም እናት እናት ናት። እርግጡን ታውቂያለሽ?»

አዎ ልትል አፏን ከፈተች። ባለፈውም አዎ ብላ ነበር። ዓወል ዓይኗን እያየ ይጠብቃል።

«አላውቅም» አለች። «ከእንግዲህ ምንም አላውቅም።»

«አላህ ይጠብቀዋ እንግዲህ» አለና ስፍሩን አነሣ።

ጎረቤላ የታፈሰው በዚያው ሳምንት ነው። ሁለቱ ካሚዮኖች ከዚያ በፊት እንደዚያ ሞልተው አያውቁም አሉ። ዘርአ ዳዊት ገብሱን አጭዶ ጨርሶ ለእናቱ ጨው ሊገዛ ወጥቶ ነበር።

ልጆቹን ለምዝገባ ወደ አዳራሹ አስገቧቸው። ከእንግዲህ ማንም መጮህ ስለማያስፈልገው ሥራው በጸጥታ ነው የሚሄደው። ወታደሩ በዝግታ «ቀጥል» ይላል፤ ልጁ በዝግታ ስሙን ይናገራል፤ ታይፒስቷ ትጽፋለች። አልታየች ዘርአ ዳዊትን ከሩቅ አየችው። ሰልፉ እየተገፋ እየተገፋ እሷ ፊት አቆመው። እግሩ ላይ የገብስ ገለባ ተጣብቋል።

«ስም?» አለ ወታደሩ።

ዘርአ ዳዊት ስሙን ተናገረ። እህቴ ናት አላለም፤ ብሎ እንዳይጎዳት። እሷም አፏን ብትከፍት የሚወጣው ለቅሶ እንደሆነ ገብቷታል። ጣቶቿ ብቻቸውን ስሙን መቱት። እሱ ከአናቷ በላይ ወደ መብራቱ ቀና ብሎ ሲያይ ቆየ። ጥቁሩን መስመር አየ፤ በቡናማ የተቀጠለውን አየ።

«ይሄ የእኔ ባና አይደለም?» አላት በሹክሹክታ።

አዎ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«እሰይ። እናንተስ ሞቋችኋል» አለ፤ ፈገግም አለ። እያፌዘ እንዳልሆነ ስለምታውቅ ነው የባሰባት። ልጁ ሲፈጥረው እንዲህ ነው። ወታደሩ በክንዱ ይዞ አሳለፈው።

ለተጊዮርጊስ ደብረ ብርሃን የደረሰችው በማግሥቱ ነው፤ መኪና ስላጣች በእግሯ መጣች። ዘበኛው አንዲት ባልቴት ምን ታደርጋለች ብሎ ይሁን አዝኖ፣ አሳለፋት። አዳራሹ መሃል ደርሳ ቆመችና ልጇን በዓይኗ ፈለገች። የፈለገችው ወንዱን ልጅ ነው።

«የት አስቀመጣችሁት?»

አልታየች ሮጣ ያዘቻት። «ሄዱ እማዬ። ትናንትና ጫኗቸው።»

«ያ ሰውዬ ይታሰብበታል ብሎ የለም?»

«ብሎ ነበር።»

ለተጊዮርጊስ መብራቱን አየችው። ፈትላ ያስረገጠችውን የእጅ ሥራዋን መቼም አትስተውም። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ። ሁለት እጇን አናቷ ላይ አደረገችና «ኡ! ኡ! ኡኡኡ! ልጄን!» አለች።

አንኮበር ላይ አንድ ሰው ኡኡ ካለ ማንም ቤቱ አይቀመጥም። የያዘውን ይጥላል። የሚያርሰው በሬውን በቀንበሩ ትቶ፣ የምታጠባዋ ልጇን ታቅፋ፣ ከዚህ ማዶ የሰማው ለወዲያ ማዶ እያቀበለ፣ አገሩ ሁሉ ወደ ጩኸቱ ይሮጣል። ጠብ ያለው ሰው እንኳ ይመጣል። ያልመጣ ሰው ከዚያ ወዲያ በሰው መሃል ቀና ብሎ አይሄድም። ስለዚህ ኡኡታ የሚያሰማ ሰው ወጉን ያውቃል። ይጮህና ዝም ይላል፤ ዝም ብሎም ከየት በኩል እንደሚመጡለት ያዳምጣል።

ለተጊዮርጊስም ዝም ብላ አዳመጠች።

ጩኸቷ ከግድግዳው አልተጋጨም፤ ከቆርቆሮው አልነጠረም። እዚያው በቆመችበት አለቀ። የጽሕፈት መኪኖቹ ቆመዋል። ታይፒስቶቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አቀርቅረዋል። አቶ ኪዳነ ማርያም ፊቱን ወደ መዝገቦቹ አዙሯል። ከወንበሩ የተነሣ ሰው የለም።

«አልታየች» አለች ለተጊዮርጊስ፣ ግራ ገብቷት፣ «አልሰሙኝም እንዴ?»

«ሰምተውሻል፣ እማዬ» አለች አልታየች ነጠላዋን እያለበሰቻት። «ሁሉም ሰምተውሻል።»

የኮምፖንሳቶው ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። ጓድ ወልደአረጋይ የስልኩን አፍ በመዳፉ ሸፍኖ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ባልቴቷ እስክትጨርስ ይጠብቃል። ዝም ስትል መዳፉን አነሣና ወሬውን ቀጠለ። አልታየች በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ከንፈሩን አየች። የገበያ ስም እየጠራ ነበር፤ የየትኛው ገበያ እንደሆነ አልተሰማትም።